ጎማውን አትንኩብኝ፦ ስለ ዳውንሂል ብስክሌት ክብደት ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ዳውንሂል፣ ማለትም ተራራ ቁልቁል ስለሚወረድበት ብስክሌት ከጻፍኩ ወዲህ የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው። «ብስክሌቴ ከበደኝ፣ ምን ልቀይርለት?» የሚደጋገሙትን ሰብስቤ ልመልስ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፣ ስምም አልጠራሁም።

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ የጻፈልኝ ወንድም ብስክሌቱ 17.6 ኪሎ ነው። ፍሬሙ አሉሚኒየም ነው፣ የኋላው ሾክ፣ ንዝረት የሚውጠው ክፍል፣ ባለ ሞላ ነው። 1,000 ዶላር አጠራቅሟል፣ 15 ኪሎ ላይ ማውረድ ይፈልጋል። ከየት ልጀምር ይላል።

ከሚዛን ጀምር። አንድ የኩሽና ሚዛን ግዛና የምትፈታውን ዕቃ ሁሉ እየመዘንክ ወረቀት ላይ ጻፍ። የሚከብደውን ሳታውቅ ገንዘብ ከኪስህ እንዳይወጣ። 15 ኪሎን ግን እርሳው ወንድሜ። በዚህ ፍሬም በዚህ ብር አይደረስበትም፣ ከተደረሰም መነካት የሌለበት ነገር ተነክቶ ነው። 16.5 አካባቢ ግን በደንብ ይቻላል።

መጀመሪያ ጎማው ውስጥ ያለውን እይ። ወፍራሙ የዳውንሂል የውስጥ ጎማ አንዱ ብቻ 400 ግራም ሊደርስ ይችላል። እሱን አውጥተህ ቲዩብለስ፣ ማለትም ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠራ፣ አድርገው፤ በምትኩ የሚገባው ቫልቭና 120 ሚሊ ሊትር ያህል ማሸጊያ ፈሳሽ ነው። ከፊትና ከኋላ አንድ ላይ ግማሽ ኪሎ ገደማ ወረደልህ ማለት ነው፣ ከሌላው ሁሉ ጋር ሲተያይ ደግሞ ወጪው ትንሽ ነው። እዚህ ቦታ ላይ የሚቀነስ ግራም ሌላ ቦታ ከሚቀነሰው ይበልጣል። ጎማ ይሽከረከራል፣ ጠርዙ ላይ ያለ ክብደት ለማስነሳትም ለማቆምም ጉልበት ይበላል። ደግሞም ከሞላው በታች ነው ያለው። ድንጋይ ሲመታ ጎማው ቶሎ ተነስቶ ቶሎ ወደ መሬት መመለስ አለበት፤ ከባድ ከሆነ ይዘገያል፣ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ኩርባም አይይዝልህም፣ ፍሬንም አይሰማም።

ቀጥሎ ማርሹ። ሊፍት፣ በገመድ የሚጎተተው ወንበር፣ ተራራ ላይ እያወጣህ ባለ 12 ማርሽ ትልቅ ካሴት፣ የኋላው የጥርስ ድርድር፣ ምን ያደርግልሃል? ባለ 7 የዳውንሂል ካሴት ብታስገባ ከ200 ግራም በላይ ትቀንሳለህ፣ ካቴናውም ያጥራል፣ እሱም ቢሆን የኋላ ጎማው ላይ ያለ ክብደት ነው። ከማርሽ መቀየሪያው ጋር መስማማቱን ሱቅ ጠይቅ። ኮርቻህ በቁልፍ ከፍና ዝቅ የሚል ቋሚ ላይ ከሆነ ያለው፣ በተራ የአሉሚኒየም ቋሚ ቀይረው። ቁልቁል ብቻ ለሚነዳ ሰው አያስፈልግም፣ 400 ግራም ያህል ይሄዳል።

ሞላውን በዚያው ጥንካሬ በተሠራ ቀላል ብረት ብትቀይር ሌላ 100 ወይም 150 ግራም ታገኛለህ። ሞላውን ማውጣት ራስህ ትችላለህ። ሾኩን ግን እንዳትከፍት። ብዙዎቹ ውስጣቸው በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅን አለ። ዓይን ያጠፋል። ሾክ የሚሠራ ባለሙያ ጋር ውሰደው፣ በዚህ ላይ አልደራደርም።

«የቲታኒየም ብሎን ሙሉውን ልግዛ?» አትግዛ፣ ለጥቂት አሥር ግራም ያን ያህል ብር አይወጣም።

«220 ሚሊሜትሩን የፍሬን ዲስክ ወደ 180 ባወርደውስ?» አይሆንም። ትልቁ ዲስክ የተሠራው ረጅም ቁልቁለት ላይ ሙቀቱን እንዲችል ነው። ፍሬን ሲግል ማንሻው ወደ መሪው እየተጠጋ ይመጣና መጨረሻ ላይ የምትጨብጠው ባዶ ይሆናል። ከፍሬን ላይ ግራም አይቆጠብም።

ሁለት አንባቢዎች፣ አንዱ ከሜሪላንድ አንዱ ከዙሪክ፣ ተነጋግረው የጻፉ ይመስል አንድ ጥያቄ ነው የላኩልኝ። ጎማቸው አንዱ 1.3 ኪሎ ይመዝናል። ያው ጎማ፣ ጎኑ ስስ የሆነው፣ 1 ኪሎ ገደማ ነው። በአንድ ግዢ 600 ግራም ይቀንሳል፣ ለምን አናደርገውም ይላሉ።

እኔ አድርጌዋለሁ፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ።

የዳውንሂል ጎማ የከበደው በከንቱ አይደለም። ማክሲስ አሰጋይ የሚባለውን ጎማ ውሰዱ። ጥርሱ አንድ ዓይነት ሆኖ በስስ ጎንም በድርብ ጎንም ይሠራል። ክብደቱን የሚያመጣው ጎኑ ላይ የተደረበው ጨርቅና ጎማ ነው፣ ሥራውም ድንጋይ ከቸርኬው ጋር ሲያጣብቀው እንዳይቆረጥ መከላከል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስኖሹ ሄድኩ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ በ2019 የዳውንሂል ዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ዙር የተካሄደበት ተራራ። ድንጋዩና የዛፍ ሥሩ አያልቅም። ስሱን ጎማ ከዋዜማው ገጥሜዋለሁ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ብስክሌቱ እንደ ወፍ ቀለለኝ፣ ደስታዬን አልደብቅም። በሁለተኛው ዙር፣ ግማሽ መንገድ ላይ፣ የኋላው ጎማ አንድ ስለታም ድንጋይ መታና «ጷ!» አለ። ነጩ ፈሳሽ ባቴን ረጨኝ። ወርጄ ሳየው ጎኑ ላይ የጥፍር ርዝመት የሚያህል ቅዳጅ አለ፣ ፈሳሹ አረፋ እየደፈቀ ይወጣል እንጂ አይደፍነውም። ቸርኬው ላይ ደግሞ አውራ ጣቴ ልክ የሚገባበት ስርጉድ ተፈጥሯል። ብስክሌቱን እየገፋሁ ወረድኩ። ቀኑ ባከነ፣ የሊፍት ቲኬቱ ገንዘብ ተቃጠለ፣ ቸርኬ መግዛት መጣ። እንዲያም ሆኖ እግዜር ጠብቆኛል፣ ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ነው የሆነው። ኩርባ ላይ ቢሆን ኖሮ ጎማው ከቸርኬው፣ እኔም ከመንገዱ እንወጣ ነበር።

አሜሪካዊውን የዳውንሂል ተወዳዳሪ አሮን ግዊንን ታውቁት ይሆናል። ኦስትሪያ ሌኦጋንግ ላይ በ2015 ገና ከመነሻው ካቴናው ተበጠሰበት፣ አንድ ጊዜ እንኳን ፔዳል ሳይመታ ወርዶ አሸነፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ እዚያው ተራራ ላይ፣ ጎማው ነበር የከዳው። በባዶ ቸርኬ እስከ መጨረሻው ወረደ፣ ጀግና ነው፣ ግን ማሸነፉ ቀርቶ ነበር። ያው ሰው፣ ያው ተራራ። ያለ ካቴና መውረድ ይቻላል። ያለ ጎማ ምን እንደሚቀር አያችሁ።

«ስስ ጎማ አድርጌ ውስጡ መከላከያ ስፖንጅ ላስገባ» የምትሉም አላችሁ። ኩሽኮር የሚባለው ስፖንጅ ለ29 ኢንች ጎማ አንዱ 260 ግራም ያህል ነው። ደምሩት፣ ወደነበራችሁበት ኪሎ ትመለሳላችሁ። የግድ ካላችሁና ራሳችሁም ቀላል ከሆናችሁ የፊቱን ብቻ አንድ ደረጃ አቅልሉት። የኋላው ነው ዱላውን የሚበላው፣ እሱን አትንኩብኝ።

«የዓለም ዋንጫ ብስክሌቶች ዝቅተኛ የክብደት ገደብ አላቸው?» 6.8 ኪሎ የሚባለው ገደብ የአስፋልት ውድድር ብስክሌት ነው። ዳውንሂል ላይ የለም። እንዲያውም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንዳንድ ቡድኖች ፍሬሙ ላይ ፔዳሉ አካባቢ ክብደት ሲጨምሩ ታይተዋል፣ አካሉ ከጎማው ይልቅ ከብዶ ሲቀመጥ ድንጋይ ላይ ይረጋጋልና።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የጻፉልኝ እናት የ16 ዓመት ልጃቸው ያገለገለ የካርቦን መሪ ኢንተርኔት ላይ አይቶ ግዙልኝ እያለ አስቸግሯቸዋል። «100 ግራም ይቀንሳል ይለኛል፣ ትርጉሙ አልገባኝም፣ ልግዛለት ወይ?» ይላሉ።

ያገለገለውን አይግዙለት፣ እባክዎ። ልጁ ስለ ክብደቱ ልክ ነው፣ ከ330 ግራም ወደ 230 ገደማ ይወርዳል። ነገር ግን አሉሚኒየም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ይጎብጣል፣ ካርቦን ግን ሳይጎብጥ በአንዴ ሊሰበር ይችላል። አንድ ጊዜ የማውቀው ልጅ መሪ ስንፈታ፣ መያዣው ተጭኖበት የነበረው ቦታ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አየን። በዓይን ጭረት ነው የሚመስለው። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ግን ያዘኝ። ከልክ በላይ ጠብቆ ነበር። በዚያ መሪ ቅዳሜ ሊዘል ነበር። የሌላ ሰው መሪ ስንት ጊዜ እንደወደቀ፣ በምን ቁልፍ እንደጠበቀ እርስዎም እኔም አናውቅም። አዲስ ከገዙለት ሱቁ ራሱ ይግጠምለት፣ በመለኪያ ቁልፍ፣ ላዩ ላይ በተጻፈው ልክ፤ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ነው። ከባድ ውድቀት ከወደቀ ደግሞ መሪውን ባለሙያ ሳያይለት እንዳይነዳ። ካልሆነ አሉሚኒየሙ ይቆይ፣ ምንም አልጎደለበትም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈልኝ፣ ሙሉ ፊት የሚሸፍነው ሄልሜት አንገቴን ስለከበደኝ ቀለል ባለ ልቀይረው ወይ ብሎ፣ በመሀል እግረ መንገዱን ከሁለት ሳምንት በፊት ወድቆ ጭንቅላቱን እንደተመታና አሁንም አልፎ አልፎ ራሱን እንደሚያመው ይነግረኛል።

የሄልሜቱን ጥያቄ ተወው። ዛሬ ሐኪም ጋር ሂድ፣ ነገ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚቀጥል ራስ ምታት በቡናና በመድኃኒት የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ሳይፈቅድልህ ብስክሌት ላይ እንዳትወጣ። የተመታውን ሄልሜት ጣለው፣ ውስጡ አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ አያድንም። አዲስ ስትገዛ ፊት የሚሸፍንና ኤ ኤስ ቲ ኤም ኤፍ 1952 የሚል የዳውንሂል ደረጃ ያለው ይሁን። ከእነዚህ ውስጥ ቀለል ያሉ አሉ፣ ከዚያ መካከል ምረጥ።

ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት ወንድሙ ከውጭ የላከለትን ዳውንሂል ብስክሌት እየገፋ እንጦጦ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ክብደቱን ስቀንስለት ልገፋው ይቀለኛል ወይ ይላል።

ቅንዓትህ ደስ ይለኛል፣ ግን አንድ ኪሎ ብትቀንስለትም እዚያ ከፍታ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ትንፋሽህን አይመልስልህም። ችግሩ ኪሎው ብቻ አይደለም። ይሄ ብስክሌት ሊፍት እንዲያወጣው የተሠራ ነው፣ ሽቅብ ፔዳል ለመምታት አይመችም። ገዢ ወይም ለዋጭ ካገኘህ 150 ወይም 160 ሚሊሜትር የሚሠራ ሾክ ባለው ብስክሌት ቀይረው፣ እየነዳህ ትወጣለህ። እስከዚያው ቲዩብለስ አድርገው። ፈሳሹን በመንገደኛ ካስላክኸው ሻንጣ ውስጥ ይሁን፣ በእጅ አያሳልፉትም። በየጥቂት ወሩ ስለሚደርቅ ሁለት ጠርሙስ አስልክ። ስትወርድ ደግሞ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ፣ ከባህር ዛፉ ጥግ ከመድረስህ በፊት ፍጥነትህን ቀንስ፣ ቅድሚያው የእነሱ ነው።

«የናይሎን ፔዳል ከአሉሚኒየም ይቀላል?» ብዙ ጊዜ ይቀላል፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ግዛው።