ስንት ልቁረጥ ላልከው ወንድም

«ደንበኛዬ የአደን ጠመንጃው ሰደፍ ረዘመብኝ አለ፤ ስንት ኢንች ልቁረጥለት?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ መጀመሪያ መጋዙን አስቀምጥ። እኔም እዚህ ሚኒሶታ እንዳንተው ከእንጨት ሥራ ነው ወደ ጠመንጃ ጥገና የገባሁት። ስለ ፈቃድና ጥይት አለመጉረሱን ስለማየት አልነግርህም፤ ያንን ሳታውቅ እዚህ አትደርስም።

1. ከጠመንጃው በፊት ሰውየውን እይ። ዓይኑን ጨፍኖ ትከሻው ላይ ይደግነው፣ ከዚያ ይግለጥ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ማነጣጠሪያ ፍሬ መሃል ላይ ከታየችው ደህና ነው። አንገቱን እያጣመመ የሚፈልጋት ከሆነ ግን ችግሩ የጉንጭ ማረፊያው ከፍታ ነው። እሱን መጋዝ አይፈታውም።

2. ምን ለብሶ እንደሚተኩስ ጠይቀው። የሚያቃጥለኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። ተቀጥሬ ስሠራ አንድ ሰው የኅዳር አጋዘን አደን ሲቃረብ ወፍራም ካፖርቱን ለብሶ መጣ። «ረዘመብኝ» አለ። ይረዝማላ! እኔ ሰደፉ ጫፍ ላይ ትከሻ የሚያርፍበትን ጎማ በቀጭን ቀይረን እንሞክር አልኩ። አለቃዬ «ደንበኛ ያለውን ነው የምንሠራው» ብሎ ራሱ አንድ ኢንች ያህል ከረከመው። በጋ ላይ ሰውየው በቲሸርት የሸክላ ኢላማ ሊተኩስ ሄደ። በተኮሰ ቁጥር አውራ ጣቱ አፍንጫውን እየመታው አብጦ መጣ። አለቃዬ ወደ ጓዳ ገባ፣ ስድቡን የጠጣሁት እኔ! በእንጨቱና በጎማው መካከል ሩብ ሩብ ኢንች ውፍረት ያላቸው ፕላስቲኮች ደረብኩ፣ ብሎኑንም በረጅም ቀየርኩ። ብርድ ሲመጣ ይፈታቸዋል፣ ሲሞቅ ይመልሳቸዋል። ያ አለቃዬ ዛሬ ይህንኑ ዘዴ የራሱ ፈጠራ አስመስሎ ይሸጣል፤ ይሁንለት።

የግድ ከቆረጥክ ከሚፈለገው ርዝመት ላይ የጎማውን ውፍረት ቀንሰህ ቁረጥ። ከቃታው እስከ መጨረሻው 13½ ኢንች ከፈለገና ጎማው 1 ኢንች ከሆነ እንጨቱ 12½ ላይ ይቀራል። ከመቁረጥህ በፊት ዙሪያውን ፕላስተር ለጥፍበት፣ አለዚያ ጠርዙ ይፈነቀላል። የኋላውን ዘንበል ያለ አቆራረጥም ጠብቅ፤ ቀጥ አድርገህ ከቆረጥከው ትከሻ ላይ አይቀመጥም።

ጠመንጃው ከ1964 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ዊንቸስተር ሞዴል 70 ከሆነ ደግሞ እንጨቱን ጨርሶ አትንካ። «አብረቅርቅልኝ» ቢልህም እንቢ በል፤ የድሮ ጠመንጃ ሰብሳቢ የሚከፍለው ላልተነካው ነው። ሌላ ሰደፍ ግጠምለትና የድሮውን ያስቀምጠው።

የጎማውን ውፍረት ለክተህ እዚሁ ጻፍልኝ። ደንበኛህ ሲመጣ ምን ለብሶ እንደነበረም ንገረኝ።