ካሜራው ይቆየን፤ ገመዱ የት ነው የገባው? ስለ ሮክ ኮንሰርት ቀረጻ ጥያቄና መልስ

«ባለ ኬብሉ» ሥራው አውሮፓ ነው። የኮንሰርት ቀረጻ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ድምፅ ይቀዳል። ዛሬ ማታ የአባላትን ጥያቄ እየመለሰ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሚሚ፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? ለሽያጭ የሚወጣ የሮክ ኮንሰርት በስንት ካሜራ ይቀረጻል?

ባለ ኬብሉ፦ እንደ በጀቱ ነው። «ዘ ላስት ዋልትዝ» የተባለው የኮንሰርት ፊልም በ1976 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲቀረጽ 7 ካሜራ ነበር። የሮክ ባንዱ ኤሲ/ዲሲ በ2009 ቦነስ አይረስ ላይ 32 ካሜራ ተደርድሮላቸዋል። ቁጥሩ ብዙም አያስጨንቅሽ።

የቦሌው ጊታሪስት፦ ከአዳራሹ ሚክሰር (ድምፅ ማቀላቀያ) በገመድ በቀጥታ ወደ ካሜራዬ ባስገባስ? ድምፁ ጥርት ያለ ነው እኮ።

ባለ ኬብሉ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። አይሆንም! አዳራሽ ውስጥ ድራሙና የጊታሩ አምፕ (ማጉያ) በራሳቸው ይጮኻሉ። ሳውንድ ማኑ በስፒከር የሚጨምረው የጎደለውን ነው፤ በአብዛኛው የዘፋኙን ድምፅ። ስለዚህ ከሚክሰሩ የምትወስደው ላይ ዘፋኙ ጆሮህ ሥር ነው፣ ጊታርህ ግን ጎረቤት ቤት የሚመታ ይመስላል።

ትልልቆቹ ቀረጻዎች ላይ የእያንዳንዱ ማይክ ገመድ መጀመሪያ መድረኩ ዳር ያለ ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከዚያ አንዱ መስመር ወደ አዳራሹ ሚክሰር፣ አንዱ ሙዚቀኞቹ ራሳቸውን ወደሚሰሙበት ስፒከር (ሞኒተር)፣ ሦስተኛው ውጭ ወደቆመችው የእኛ መኪና ይሄዳል። እኛ ማይኮቹን አናቀላቅልም። እያንዳንዱን በየራሱ ትራክ እንቀዳለን። ሚክሱ የሚሠራው በኋላ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ተረጋግቶ ነው።

የታዳሚውን ማይክ ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ያለ እሱ ኮንሰርቱ ልምምድ ይመስላል። ግን ተጠንቀቁ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ የተሰቀለ ማይክ ድራሙን የሚሰማው ከ100 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሚቀርጽ ሰው ሁለት ፍሬም ተኩል ማለት ነው። ኤዲት ላይ ያን ያህል ካላስቀደምከው ድራሙ ሁለት ጊዜ ይመታል።

ታይምኮድ (በኋላ ምስሉንና ድምፁን ለማስማማት በየፍሬሙ ላይ የሚመዘገብ ሰዓት) የሌለው ካሜራ ደግሞ አታምጡብኝ። እንደገና እለዋለሁ፣ ታይምኮድ።

ናቲ፦ ምን ካሜራ ይመክራሉ?

ባለ ኬብሉ፦ ታይምኮድ የሚቀበል።

ሚሚ፦ ዳይሬክተሩ ግን ያን ሁሉ ካሜራ እንዴት ይቆጣጠረዋል?

ባለ ኬብሉ፦ መኪና ውስጥ ሆኖ ሁሉንም በስክሪን ያያል፣ በጆሮ ማዳመጫ ያዛል። ጎበዝ ቡድን ዘፈኖቹን ቀድሞ ያጠናል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ባር (የዘፈኑን የምት ክፍል) ይቆጥርለታል፦ «ሶሎው አራት ባር ቀረው» ይላል። ካሜራማኑ ጊታሪስቱ ጣቶች ላይ ቀድሞ ይደርሳል። እዚያው የተመረጠው ምስል ይቀዳል፤ እያንዳንዱ ካሜራም ለብቻው ይቀዳል። ለገበያ የሚወጣው ከዚያ ተመልሶ ኤዲት ይደረጋል። የቀረውን ዳይሬክተር ጠይቂ።

ዘውዱ፦ ስቱዲዮ ገብተው ያስተካክሉታል ይባላል። ታዲያ ምኑን ላይቭ ሆነ?

የቦሌው ጊታሪስት፦ ማጭበርበር ነው በቃ።

ሚሚ፦ አንድ ማይክ ስለተበላሸ ዘፈኑ ይጣል?

የቦሌው ጊታሪስት፦ ይጣል! የሮክ ባንዱ ሌድ ዘፕሊን በ1973 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ተቀረጹ። ምስሉ ክፍተት ሲገኝበት በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ ስቱዲዮ ገብተው እንደገና መድረክ ላይ ያሉ መሰሉ። ቤዚስቱ ጆን ፖል ጆንስ ጸጉሩን ተቆርጦ ስለነበር ዊግ አደረገ!

ናቲ፦ ዊግ? ሃሃሃ!

ዘውዱ፦ ፕሌይባክ ከፍተው አፋቸውን ከሚያንቀሳቅሱት የኛዎቹ አይሻልም?

ሚሚ፦ ኧረ እሱን እዚህ አታምጣው።

ባለ ኬብሉ፦ ጨረሳችሁ? ጥገና ድሮም ነበረ። «ዘ ላስት ዋልትዝ» ራሱ ስቱዲዮ ውስጥ ብዙ ተነካክቷል። እኔ ለአንድ የተሳሳተ ኖታ አልጣላም። ዘፈኑን ከሀ እስከ ፐ እንደገና ዘፍኖ ላይቭ ማለት ግን ነውር ነው።

ዊጉን ካነሳችሁ፣ ለምን እንደመጣ አስተውሉ። የሚቆርጡበት በቂ ምስል አልነበራቸውም። ሁለት ሦስት ምሽት የሚቀረጸው፣ ሙዚቀኞቹም ያንኑ ልብስ እንዲደግሙ የሚለመኑት ለዚህ ነው። ቶኪንግ ሄድስ የተባለው ባንድም በ1983 መጨረሻ ሆሊውድ ውስጥ በተከታታይ ምሽቶች ነው የተቀረጹት። በፊልም ዘመን ደግሞ ይብስ ነበር። የ35 ሚሊሜትር ጥቅል 1,000 ጫማ ቢሆን 11 ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። ከዚያ ካሜራው ይቆማል፣ ጥቅሉ ይቀየራል። «ዘ ላስት ዋልትዝ» ላይ የብሉዝ ዘፋኙ ማዲ ዋተርስ «ማኒሽ ቦይ»ን ሲዘፍን ከሰባቱ ካሜራዎች እየቀረጸ የነበረው አንዱ ብቻ ነው። እሱም ባይኖር ዘፈኑ ሳይታይ ቀርቶ ነበር።

የሳሪሱ፦ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ስቀርጽ ምስሌ ይርገበገባል። ምን ላድርግ?

ባለ ኬብሉ፦ በስንት ፍሬም? ሹተርህስ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ)? እንዲህ ተድበስብሶ አይጠየቅም። 30 ፍሬም ላይ ከሆንክ ችግሩ እዚያው ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50 አድርገው። ከጀርባ ኤልኢዲ ስክሪን ካለ የራሱ ጣጣ አለው። ከፕሮግራሙ በፊት ሹተሩን እያነካካህ ሞክረው።

ሚሚ፦ ድሮንስ?

ባለ ኬብሉ፦ አዳራሽ ውስጥ? ሰው አናት ላይ? ቀጣይ።

ናቲ፦ በ200 ሺህ ብር የሚገኝ ካሜራ...

ባለ ኬብሉ፦ ናቲ!

ሠርግ ቀራጩ፦ ታይምኮድ የሚሰጥ ሳጥን የለኝም። መጀመሪያ ላይ አጨበጭብና ሦስቱን ካሜራ በእሱ አስማማለሁ። አይበቃም?

ባለ ኬብሉ፦ ለመጀመሪያው ዘፈን ይበቃል። የእያንዳንዱ ካሜራ ሰዓት የየራሱ ስህተት አለው። ስህተቱ ከሚሊዮን 10 ብቻ ቢሆን በአንድ ሰዓት 36 ሚሊሰከንድ ነው፤ አንድ ፍሬም 40 ነው። የሁለት ሰዓት ኮንሰርት መጨረሻ ላይ ሁለት ፍሬም ሊጠጋ ነው። ድራመሩ ሲመታና ድምፁ ሲሰማ አይገጥምም። ደግሞ ታይምኮድ የት እንደደረስን ነው የሚነግረን። ካሜራዎቹን እኩል የሚያስኬደው ጄንሎክ ነው፤ መኪናችን ውስጥ ሁሉም ካሜራ ከአንድ ሰዓት ነው የሚታዘዘው። አንተ እሱ ከሌለህ ካሜራህን መሃል ላይ አታጥፋ። የሦስቱም ካሜራ የራሱ ማይክ ክፍት ይሁን። ኤዲት ላይ በዚያ ድምፅ እየተመራህ እያንዳንዱን ዘፈን ለብቻው አስማማ።