የፋሽን ኩባንያዎች የማኅበራዊ ኃላፊነት ሪፖርት እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ፦ አንድ ታዋቂ የልብስ ኩባንያ ባወጣው ዓመታዊ የማኅበራዊ ኃላፊነት ሪፖርት ላይ የካርቦን ልቀቱን በግማሽ እንደቀነሰና ልብሱን የሚሰፉለትን ፋብሪካዎች ሁሉ ኦዲት እንዳስደረገ ገልጿል። ይህን አምኜ ልቀበለው ወይስ እንደ ማስታወቂያ ልቁጠረው?

መልስ፦ ሁለቱም መግለጫዎች እውነት ሆነው ሳለ ዋናውን ጉዳይ ሳይነኩት ሊያልፉ ይችላሉ። በዚህ ኢንዱስትሪ ስሙ በልብሱ ላይ የሚለጠፈው ኩባንያ ብዙውን ጊዜ የራሱ የስፌት ፋብሪካ የለውም፤ ክሩን የሚፈትሉት፣ ጨርቁን የሚያቀልሙትና ልብሱን የሚሰፉት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ አስቀድሞ መታየት ያለበት ሪፖርቱ እስከ ማን ድረስ እንደሚዘልቅ ነው።

የካርቦኑ ነገር በአጭሩ ሊታይ ይችላል። የልቀት አቆጣጠሩ በሦስት ይከፈላል፤ የፋሽን ኩባንያዎች ልቀት አብዛኛው የሚገኘው ስኮፕ 3 በሚባለው፣ አቅራቢዎችን በሚያካትተው ክፍል ነው። በግማሽ የቀነሰው የቢሮዎችና የመደብሮች ልቀት ብቻ ከሆነ ለውጡ ትንሽ ነው።

ኦዲቱ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 በፓኪስታን ካራቺ በእሳት የወደመውና ከ250 በላይ ሠራተኞች ያለቁበት አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለው ፋብሪካ፣ ኤስኤ 8000 የተሰኘውን የማኅበራዊ ኃላፊነት የምስክር ወረቀት ያገኘው ከአደጋው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነበር። በሚያዝያ 2013 በባንግላዴሽ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎችን በገደለው ራና ፕላዛ በተባለው ሕንፃ ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎችም አንዳንዶቹ ኦዲት ተደርገው ነበር። ስለዚህ የኦዲት ብዛት ብቻውን ለእኔ ማስረጃ አይሆነኝም። ከራና ፕላዛ በኋላ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የፈረሙት አስገዳጅ የደኅንነት ስምምነት የተሻለ ልማድ አምጥቷል፤ የፋብሪካው ስም፣ የተገኘበት ጉድለትና እርማቱ የደረሰበት ደረጃ ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል። የያዙት ሪፖርት ይህን ያህል ዝርዝር ከሌለው፣ ቢያንስ የአቅራቢዎቹን ስምና አድራሻ መያዝ አለበት። ናይኪ በ2005 የፋብሪካዎቹን ዝርዝር ይፋ ካደረገ ወዲህ «የንግድ ምስጢር ነው» የሚለው ምክንያት ውኃ የሚያነሳ አይደለም።

ሕግ አለ ብለውም አይዘናጉ። የብሪታኒያው የ2015 የዘመናዊ ባርነት ሕግ ትልልቅ ኩባንያዎች ባርነትን ለመከላከል ስለወሰዱት እርምጃ በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጡ ቢያስገድድም፣ «ምንም እርምጃ አልወሰድንም» ብሎ የሚጽፍ ኩባንያም ግዴታውን እንደተወጣ ይቆጠራል! የ2017ቱ የፈረንሳይ ሕግ ግን ጠንከር ያለ ነው፤ ትልልቆቹን ኩባንያዎች አደጋ የመከላከል ዕቅድ አውጥተው እንዲተገብሩ ያስገድዳል፣ ባይተገብሩ ለደረሰው ጉዳት በፍርድ ቤት ሊያስጠይቃቸው ይችላል።

በመጨረሻ ኩባንያው ስለ ራሱ የግዢ አሠራር የጻፈውን ገጽ ይፈልጉ፤ ለአቅራቢው በስንት ቀን ይከፍላል? የተሰፋ ትእዛዝ ይሰርዛል? ዋጋ ሲደራደር የሠራተኛውን ደመወዝ ለብቻው ያሰላል? የትርፍ ሰዓት ሥራና ዝቅተኛ ደመወዝ በአመዛኙ የሚመነጩት ከእነዚህ ውሳኔዎች ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሪፖርቶች ዝም ብለው የሚያልፉትም ይህንኑ ነው። ገጹን ካጡት ለኩባንያው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሚሰጥዎትንም መልስ ካለፈው ዓመት ሪፖርት ጋር ያስተያዩት።