ልጄ እምነቱን ቀይሬያለሁ ይበል?

ጥያቄ፦ ልጄ ጀርመን አገር ጥገኝነት ጠይቆ ውድቅ ሆነበት። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የታሰረው በታላቅ ወንድሙ ምክንያት ነው። ወንድሙ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ነበር፤ እሱ ግን የማንም አባል ሆኖ አያውቅም። «አባል ካልሆንክ ምን ያሰጋሃል? የተናገርካቸው ቀኖችም አይገጥሙም» አሉት። አሁን ጓደኞቹ «ክርስቲያን ሆኛለሁ በልና አዲስ ኬዝ አስገባ» እያሉት ነው። እኛ ሙስሊሞች ነን። ደውሎ «እማ፣ ምን ትያለሽ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። የውሳኔውን ደብዳቤና የቃለ መጠይቁን ፕሮቶኮል ልኬልዎታለሁ።
ወ/ሮ ፋ.፣ ገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ወ/ሮ ፋ.፣ በመጀመሪያ ልጅዎ ዛሬውኑ ጠበቃ ዘንድ ይሂድ። የይግባኙ ቀነ ገደብ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ አጭር ነው፣ ካለፈ ደግሞ እውነቱን ይዞም ሰሚ ላያገኝ ይችላል። ሃይማኖት ቀየርኩ የሚለውን ግን በፍጹም እንዳይሞክረው ይንገሩት። ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

የላኩልኝን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። እንዲህ ያሉ ሰነዶችን ስተረጉም ስለኖርኩ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ቀን ላይ ነው። ልጅዎ «ነሐሴ 2015» ብሏል። ጀርመንኛው «ኦገስት 2015» ይላል። ወሩ ተተርጉሞ ዓመቱ እንዳለ ተገልብጧል፤ በእነሱ አቆጣጠር 2023 መባል ነበረበት። የልደት ዘመኑን አይተው «ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርክ፣ ማን በፖለቲካ ያስርሃል?» አሉት። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ሰዎቹ በር ያንኳኩት «ሌሊት 9 ሰዓት» ላይ ነው ሲል አንዱ ገጽ ላይ 21 ሰዓት፣ ሌላው ገጽ ላይ 3 ሰዓት ተብሎ ተጻፈ። በእነሱ አቆጣጠር ትክክሉ ሁለተኛው ነው። ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ግን የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ካላወቀ የሚያየው ቃሉን የሚለዋውጥ ልጅ ነው። ይህ በጣም ያንገበግበኛል፤ እውነተኛ ታሪክ በካሌንደር ሲወድቅ ማየት ከባድ ነው። ፕሮቶኮሉ ተነቦለት ፈርሞበታልና ፍርድ ቤቱ «ያኔ ለምን አላረምክም?» ማለቱ አይቀርም። ያልታረመበትን ምክንያት እንደነበረው ይናገር፤ ከደከመው ደክሞኝ ነበር ይበል።

አባልነትን በተመለከተ ውሳኔው ስቷል ብዬ አምናለሁ። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት የሚጠቅሰው የፖለቲካ አመለካከትን እንጂ የፓርቲ መታወቂያን አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም በግልጽ እንደሚለው ሰውየው አመለካከቱ በእርግጥ ባይኖረው እንኳ አሳዳጁ አለው ብሎ ካሰበ ይበቃል። ያሰሩት ሰዎች ልጅዎን «ወንድምህ የት ነው? አንተም ከእነሱ ነህ» እያሉ ጠይቀውታል። ይህ ፕሮቶኮሉ ውስጥ አለ፤ ደብዳቤው ግን አላነሳውም። የጠበቃው ዋና ክርክር እዚህ ላይ ነው መሆን ያለበት። ሌላው ጥያቄ ዛሬ ቢመለስ ምን ይገጥመዋል የሚለው ነው። ያለፈው እስር ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ብቻውን ግን ላይበቃ ይችላል፤ ስለዚህ ከእሱ መሄድ በኋላ ቤት ድረስ መጥቶ የጠየቀ ሰው ካለ መቼና ምን ብሎ እንደሆነ ይጻፉለት።

ወደ እምነቱ ልመለስ። ሕጉ አማኝን በእውነት ይጠብቃል። የሉክሰምበርጉ የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ከፓኪስታን የመጡ ሁለት አሕመዲያዎችን (እዚያ በእምነታቸው የሚሳደዱ አንድ ሃይማኖታዊ ቡድን ናቸው) ጉዳይ ሲያይ «እምነትህን ደብቀህ ኑር» ተብሎ ሰው አይመለስም ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኦስትሪያ ገብቶ ክርስቲያን የሆነን ኢራናዊ ጉዳይ አይቶ፣ ሰው ከአገሩ ከወጣ በኋላ ሃይማኖት ስለቀየረ ብቻ አታላይ ነው ማለት አይቻልም፣ የእያንዳንዱ ጉዳይ ለብቻው ይመዘን አለ። ጓደኞቹ ይህን ሰምተው ይሆናል። ነገር ግን መርማሪው ጥቅስ አስቆጥሮ አይለቅም። መቼ ልብህ ተነካ፣ ከማን ጋር ትጸልያለህ፣ ለእናትህ እንዴት ነገርካት ይላል። ልጅዎ ለዚህ መልስ የለውም፤ ሲያዝ ደግሞ እውነተኛው እስሩም አብሮ ውሸት ይባላል።

አገሩም ይለያል። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2002 ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከሉተራንና ከሱኒ እስልምና በቀር ሌላውን ዘግታለች፤ ከዚያ የመጣ ጴንጤ አምልኮው ራሱ ያሳስረዋል። እኛ አገር በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 18.6 በመቶው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነበር። ፕሮቴስታንት መሆን ብቻውን እዚህ ለስደት አይዳርግም፤ አደጋ አለ የሚል ሰው ከየት፣ ከማን እንደሚመጣ ማሳየት አለበት።

እርስዎ ከዚህ ሆነው ብዙ ሊረዱት ይችላሉ። «መጥሪያ እናሠራልዎታለን» የሚል ደላላ ከመጣ በር ይዝጉበት፤ አንድ የሐሰት ማኅተም ሌላውን ሁሉ ያበላሻል። ልጅዎ ከእስር በዋስ የተፈታበት ወረቀት እጅዎ ላይ ካለ ፎቶውን አሁን ለጠበቃው ይላኩ፣ ዋናውን ይዘው ይቆዩ። ዋስ የሆኑት ጎረቤት በዓይናቸው ያዩትን ብቻ በራሳቸው ቃል ይጻፉ፤ ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን አድርገው።