በተገዛ ቢት ላይ የሠሩትን ዘፈን «ኦሪጅናል አዲስ ሥራ» ብለው ከመልቀቅዎ በፊት

ከኢንተርኔት በገዙት ቢት (ሌላ ሰው ባቀናበረው፣ ድምፅ በሌለው የዘፈን ማጀቢያ) ላይ የራስዎን ግጥምና ዜማ ሠርተው «ኦሪጅናል አዲስ ሥራ ብዬ መልቀቅ እችላለሁ ወይ?» ብለው ለጠየቁን፦ መልቀቅ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሙሉው ሙዚቃ የእኔ ብቻ ነው ማለት አይችሉም። ዘፈን ወደ ኢንተርኔት የሙዚቃ መድረኮች ከሚያደርስ አንድ አከፋፋይ ድርጅት ጋር በዚሁ ጉዳይ ብዙ ስለተጨቃጨቅሁ ያየሁትን ልጻፍልዎ።

1ኛ፦ የድርሰቱን መብት ከቀረጻው መብት ለይተው ይያዙ። የሌላ ሰው ዘፈን እንደገና ቢቀርጹ ቀረጻው አዲስ ስለሆነ ባለ 12 ፊደልና ቁጥር የሆነውን የአይ.ኤስ.አር.ሲ. መለያ (ዓለም አቀፍ የቀረጻ መለያ) ለብቻው ያገኛል፤ ግጥሙና ዜማው ግን የቀድሞው ደራሲ እንደሆነ ይቀጥላል። ቴይለር ስዊፍት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የቀድሞ አልበሞቿን ደግማ ቀርጻ ማስተሩን (ዋናውን ቀረጻ) የራሷ ለማድረግ የቻለችው በዚህ ልዩነት ነው። በአንጻሩ የእንግሊዙ ባንድ ዘ ቨርቭ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት «ቢተር ስዊት ሲምፎኒ» ውስጥ የገባው፣ ከሮሊንግ ስቶንስ ዘፈን የኦርኬስትራ ቅጂ የተወሰደ ቅንጭብ የድርሰቱን መብት ለሮሊንግ ስቶንስ አባላት ለሚክ ጃገርና ለኪት ሪቻርድስ አሳልፎ ሰጥቶ፣ እስከ 2019 ድረስ ሳይመለስ ቆይቷል።

2ኛ፦ የቢቱን ፈቃድ እስከ መጨረሻው መስመር ያንብቡ። በርካሽ የሚሸጠው ፈቃድ ብዙውን ጊዜ ለእርስዎ ብቻ የተሰጠ ስላልሆነ፣ ያው ቢት በሌሎች ዘፋኞችም እጅ አለ። ስለዚህ ዘፈኑን በዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ (ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሥራዎች በራሱ ፈልጎ በሚይዘው ሥርዓት) አያስመዝግቡ፤ ካስመዘገቡ ያንኑ ቢት የተጠቀሙ የሌሎች ዘፋኞችን ሥራ ያለ አግባብ ያስይዛሉ። እኛ የተጎዳነው ሌላ ሰው ይህንን በማድረጉ ነው። በአንድ ዘፈናችን መግቢያ ላይ በሕጋዊ መንገድ ከገዛነው የድምፅ ስብስብ የወሰድነው አጭር የፍሉት ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሰማ የድምፅ ቅንጭብ) ነበር፤ ፈቃዱም ለንግድ መጠቀምን በግልጽ ይፈቅዳል። ያንኑ ሉፕ የተጠቀመ ሌላ አቀናባሪ ዘፈኑን ቀድሞ አስመዝግቦ ስለነበር ሥርዓቱ የእኛን እንደ ቅጂ ቆጠረው፤ አከፋፋዩም ዘፈናችንን ከየመድረኩ አውርዶ፣ የጻፈው ሰው ስም እንኳ የሌለበት «ሥራዎ ኦሪጅናል አይደለም» የሚል ደብዳቤ ላከልን። የግዢ ደረሰኝ ብንልክ፣ የፕሮጀክቱን ፋይልና እያንዳንዱን ትራክ ለይተን ብንልክ፣ ተመልሶ የሚመጣው ያው ዓረፍተ ነገር ነበር። ቀድሞ ያስመዘገበው ሳይጠየቅ እኛ ብቻ ማስረጃ እንድናቀርብ መገደዳችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሩን ያስከፈተልን ሉፑ በእኛም በእሱም ዘፈን ውስጥ ከስንተኛው ሰከንድ እስከ ስንተኛው እንደሚሰማ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አሰናድተን፣ ከሥሩ የፈቃዱን አንቀጽ ቃል በቃል ገልብጠን መላካችን ነው። ዘፈኑ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ዜማውም ግጥሙም የእኛ መሆኑን ማንም ሊክድ አልቻለም፤ በዚህም እኮራለሁ። ከዚያ ወዲህ ለመግቢያ ፍሉት ስንፈልግ ተጫዋች ጠርተን በስቱዲዮ እናስቀርጻለን፤ ትንፋሹ ሳይቀር የእኛ ነው።

እርስዎም ቢቱን ከሸጠልዎ ሰው በሌላ ሰው ሉፕ ላይ መሥራት አለመሥራቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ። የአከፋፋዩን ቅጽ ሲሞሉም የቢቱን ሠሪ ከራስዎ ጎን በደራሲነት ያስገቡ፤ ድርሻውንም ፈቃዱ ላይ በሰፈረው መቶኛ ይጻፉ፤ አንዳንዱ ፈቃድ የድርሰቱን ግማሽ ይጠይቃልና ይህን ከመልቀቅዎ በፊት ይወቁት።