ስለ ሰፈር መጻፍ እንጀራ ይሆናል ወይ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በጂኦግራፊ ተመርቀሽ ሥራ ፍለጋ ላይ ነሽ። በትርፍ ጊዜሽ ስለ አዲስ አበባ ሰፈሮችና አደባባዮች ትጦምሪያለሽ። አባትሽ ግን «ባንክ ግቢ» እያሉ ይወተውቱሻል። «ይህ ነገር ሥራ ይሆናል ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ማብቂያው ላይ ደግሞ «አደባባይ ላይ ቆሜ ስመለከት ስለሚለክፉኝ ቶሎ እሄዳለሁ» የሚል መስመር አለ። ከሁሉ በላይ የያዘኝ ይኸኛው ነው፤ እደርስበታለሁ።

ስለ ገንዘቡ በቀጥታ ልንገርሽ። ጡመራው ብቻውን ደመወዝ ይሆነኛል ብለሽ አትነሺ። የባንኩ ሥራ ከተገኘ ግቢ፤ አባትሽ ትክክል ናቸው፣ ሁለቱ አይጣሉም። ካፌና ሆቴል እየጋበዙ «ስለ እኛ ጻፊልን» ቢሉሽ፣ ከተቀበልሽ መጋበዝሽን ለአንባቢሽ ንገሪ። ይህን የደበቀ ጸሐፊ ሌላውንም ጽሑፉን የሚያምንለት ያጣል።

ጽሑፎችሽ የሚጠቅሙሽ እንደ ሥራ ማሳያ ነው። የከተማ ፕላን አማካሪ ድርጅቶች ለጥናት የመስክ መረጃ ሰብሳቢ ይቀጥራሉ። የከተማው ፕላንና ልማት ቢሮ፣ የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮው፣ አስጎብኚ ድርጅቶች፣ ሬዲዮና ጋዜጦችም አንድን ቦታ አይቶ በትክክል መግለጽ የሚችል ሰው ያስፈልጋቸዋል። የላክሽልኝ ጽሑፎች ግን ገና እዚያ አልደረሱም። ስለ መስቀል አደባባይ የጻፍሽው «ውብ»፣ «ማራኪ»፣ «ዘመናዊ» እያለ ያልቃል። ቦታው እንዴት እንደሚያገለግል ከዚያ ምንም አልተማርኩም።

መስቀል አደባባይን እንደገና ሂጂበት። ጎህ ሳይቀድ ሯጮች ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ ይሠሩበታል። መስከረም 16 ደመራ ይደመርበታል። በኅዳር የታላቁ ሩጫ ሕዝብ ይጥለቀለቅበታል። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ «መንገድ ለሰው» በሚባለው እሑድ መኪና ታግዶ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት አይተናል። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ ሰልፍ የወጣበትም ይኸው ቦታ ነው። በ2013 ዓ.ም ታድሶ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠራለት። ይህን ሁሉ የሚችለው ለምንድን ነው? ደረጃው ነው? ስፋቱ ነው? ብዙ ትልልቅ መንገዶች የሚገናኙበት መሆኑስ? በሰባት ሰዓት ፀሐይ ጥላ የሚገኘው የት ነው፣ ማን ይይዘዋል? እግረኛው የሚሻገረው በተሠራለት በኩል ነው ወይስ በመሰለው? በአዘቦት ቀንና በእሑድ፣ በጠዋትና በማታ እየሄድሽ የተቀመጠውን፣ የቆመውንና የሚያልፈውን ለይተሽ ቁጠሪ። ያን ጊዜ ጽሑፍሽን ፕላን ነዳፊው ራሱ ፈልጎ ያነበዋል።

የዴንማርኩ አርክቴክት ያን ጌል ስሙን ያገኘው በዚህ ሥራ ነው። ኮፐንሃገን ዋና የገበያ መንገዷን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1962 ለመኪና ዘጋች፤ እሱም ሰው ስንት ሆኖ እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቀመጥ እየቆጠረ ይመዘግብ ጀመር። ያ ምዝገባ ዛሬ በብዙ ከተሞች የሚሠራበት ሙያ ሆኗል። ለመነሻው ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል፤ አንቺ ደግሞ በጂኦግራፊ ትምህርትሽ ካርታ ማንበብና መሥራት ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ለከፋው። ያንን እንደ እንቅፋት ብቻ አትዪው፤ ጻፊው። በዚህ ከተማ አንዲት ሴት ቡና ሳታዝዝ፣ ሳትለከፍ፣ ግማሽ ሰዓት ቁጭ የምትልበት የሕዝብ ቦታ የት ነው? አራት ኪሎ? መገናኛ? ቦሌ? ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዶች ሰፍተዋል፣ መቀመጫና መብራት ገብቷል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ መቀመጫው ላይ ያሉት እነማን ናቸው? ሕፃን የያዘች እናት አለች? የጉሊት ሴቶቹስ ወዴት ሄዱ? ቦታን የሚነድፉት አብዛኞቹ ወንዶች ቆመው ማየት ምን እንደሚያስከፍል አያውቁትም። አንቺ ከፍለሽ ያወቅሽው ነገር ነውና ባለሙያ የሚያደርግሽ ይኸው ነው። ይህን ስልሽ ግን ቻይው ማለቴ አይደለም። በቀን ሂጂ፣ ጓደኛ ያዢ፣ የት እንዳለሽ ቤት ያሉት ይወቁ፣ ልብሽ ካልወደደው ሥራውን ጥለሽ ተነሺ።

ስለ ፈረሱት ሰፈሮች ስትጽፊ፣ ስለ ፒያሳም ስለ ካሳንቺስም፣ ነባር ነዋሪዎችን ፈልገሽ አነጋግሪ። አሁን በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ ዕድራቸው ግን ብዙ ጊዜ የት እንዳሉ ያውቃል። የነገሩሽን ከጽሑፍ ጋር አመሳክሪ፤ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱ) እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ይረዱሻል።

ፎቶ ላይ ተጠንቀቂ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል፤ በአደባባይ ለሚደረግ ሥነ ሥርዓትና ለመሳሰሉት በቀጣዩ አንቀጽ ልዩ ሁኔታ አለ። ጀበና ቡና የምታፈላውን ሴት አስፈቅደሽ አንሺ። እምቢ ካለች እጇንም ቢሆን አታንሺ፤ በቃላት ግለጪው። ቤተ መንግሥትና ወታደራዊ ግቢ ባለበት ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አድርጊ።

የሥራ ማመልከቻ ስታስገቢ «ጦማሪ ነኝ» ብሎ ማለፍ ብዙ አይነግራቸውም። አንድ ቦታ መርጠሽ በተለያየ ሰዓት ያየሽውን፣ የቆጠርሽውን፣ የሠራሽውን ካርታና ያነጋገርሻቸውን ሰዎች ሐሳብ በጥቂት ገጽ አዘጋጂና ከሲቪሽ ጋር አያይዢው። ከመላክሽ በፊት ለእኔም ላኪልኝ፤ አንብቤ አስተያየቴን እጽፍልሻለሁ።