መርፌ ሁሉ ክትባት አይደለም፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች መነሻቸው ይለያይ እንጂ የሚያጠነጥኑት በአንድ ነገር ላይ ነው። ሰው መርፌ በተወጋ ቁጥር ተከተብኩ ብሎ ያስባል። ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነታችን ጀርምንና መርዝን ለመከላከል የሚሠራው፣ ሐኪሞቹ አንቲቦዲ የሚሉት፣ ተዘጋጅቶ ለብቻው በመርፌ ሊሰጥ እንደሚችል ብዙዎቻችን አልተነገረንም። ይህን አለማወቅ ሕይወት ሊያስከፍል ስለሚችል የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ኤልያስ)፦ አምና ጤፍ ስናጭድ ማጭድ እግሬን ቆረጠኝና ጤና ጣቢያ የቴታነስ መርፌ ወጉኝ። ዘንድሮ በረት ሳጸዳ የዛገ ሚስማር ወጋኝ። አምና ስለተከተብኩ ዝም ብል ምን አለበት?

ዝም አይበሉ፤ ይህን እንዳነበቡ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አምና የተወጉት ክትባት ላይሆን ይችላል። ለቆሰለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቲኤቲ የሚባለው መርፌ ነው። እሱ የሚዘጋጀው ከፈረስ ደም ነው። የቴታነስ ጀርም የሚያመነጨው መርዝ ኃይሉ ተሰብሮ ፈረሱ ይወጋል፤ የፈረሱ አካል አንቲቦዲ ይሠራል፤ ያ ከደሙ ተጣርቶ ይወሰዳል። እርስዎ ሲወጉት ወዲያው ሥራ ይጀምራል። ደም ውስጥ ያገኘውን መርዝ ይዞ ያከሽፋል። የእርስዎ አካል ግን ከዚህ ምንም አልተማረም። እንግዳውን አንቲቦዲ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያስወግደዋል። የአምናው መርፌ ቲኤቲ ከነበረ ዛሬ በደምዎ ውስጥ የለም።

ክትባቱ ሌላ ነው። በውስጡ አንቲቦዲ የለም። ያለው ጉዳት እንዳያደርስ የተደረገ መርዝ ነው፤ አካልዎ እሱን አይቶ የራሱን አንቲቦዲ መሥራት ይማራል። ከጎረቤት የመጣ እንጀራ የዛሬን ረሃብ ያስታግሳል፤ ለነገ ግን ቤት ውስጥ እርሾ መኖር አለበት፣ እርሾ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህ ነው አንድ የቴታነስ ክትባት የማይበቃው። ጨርሶ ላልተከተበ አዋቂ ሁለተኛው ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከዚያ 6 ወር ቆይቶ ይሰጣል። ከዚያም በየዓመት ልዩነት ሁለት ይጨመራል። አምስቱን የጨረሰ ሰው ለረጅም ዓመታት ይጠበቃል።

ብዙ ሰው ስነግረው የማያምነኝን አንድ ነገር ልጨምር። ቴታነስ፣ ያ መንጋጋ ቆልፍ የምንለው፣ ይዞት የዳነ ሰው እንኳ ከዚያ በኋላ አይጠበቅም። መርዙ ሰው የሚገድለው እጅግ በጣም ጥቂት ሆኖ ነው፤ አካል አይቶት ለመማር አይበቃውም። የዳነውም መከተብ አለበት።

ስለዚህ ሲሄዱ «የምትሰጡኝ ቲኤቲ ነው ወይስ ክትባቱ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለቱም ሊያስፈልጉ ይችላሉ። የፈረስ ሴረም፣ ማለትም ከፈረሱ ደም የተጣራው አንቲቦዲ ያለበት ፈሳሽ፣ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል አስቀድሞ ቆዳ ላይ በትንሹ ይሞከራል፤ ሳይቸኩሉ ይጠብቁ። የክትባት ካርዱን ደግሞ ከመሬት ግብር ደረሰኝዎ ጋር አብረው ያስቀምጡት፣ አይጠፋም። ይህን የሴረም ዘዴ በ1890 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ያሳዩት ኤሚል ፎን ቤሪንግና ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ ናቸው። ቤሪንግ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ያገኘው በዚሁ የሴረም ሕክምና ሥራው ነው።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ልጄን የማናውቀው ውሻ ባቱን ነከሰው። ሆስፒታል ቁስሉ ዙሪያ ብዙ ቦታ ወጉት፣ ክንዱንም ወጉት። ልጁ በጣም አለቀሰ። ሁለቱም የግድ ነበሩ?

የግድ ነበሩ። ልጅሽን ያከሙት ሰዎች በትክክል ሠርተዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከቁስሉ ተነስቶ ነርቭን ይዞ ወደ አንጎል ይጓዛል። ክንዱ ላይ የተሰጠው ክትባት ነው፤ አካሉ በቂ አንቲቦዲ እስኪሠራ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ድረስ ይፈጅበታል። ያ ጊዜ ባዶ እንዳይሆን የተዘጋጀ አንቲቦዲ እዚያው ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ይወጋል። የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክትባት ከተጀመረ 7 ቀን ካለፈ ደግሞ አይሰጥም፤ አካሉ የራሱን መሥራት ጀምሯል፣ የውጭው ሥራውን ያደናቅፍበታል።

አሁን ዋናው ነገር ቀጠሮው ነው። በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን፣ ከዚያም እንደ ካርዱ። ቁስሉ ደረቀ ብለሽ አንዱንም እንዳታስቀሪ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ክትባቱም አንቲቦዲውም አያድንም፤ ሞቱ የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። ከውሻ ንክሻ በኋላ ሰባትና ስምንት ቀን የአገር መድኃኒት ሲፈለግ ቆይቶ ወደ ሆስፒታል የሚመጣ ልጅ ስላለ ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ክትባቱን ግን በዚያው በተነከሰበት ቀን ይጀምር። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ። ይህ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ብዙ ቫይረስ ጠርጎ ያወጣል።

አያቶቻችሁ ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ እንደነበር ነግረዋችሁ ፈርታችሁ ከሆነ፣ እሱ ከእንስሳት አንጎል ይሠራ የነበረው የድሮው ክትባት ነው። ዘመናዊው ክንድ ላይ ነው የሚሰጠው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ከወለድኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። አማቴ የመጀመሪያው ጡት ቢጫ ነው፣ ሆድ ያማል፣ ይፍሰስ ይላሉ። ለሕፃኑ ቅቤ ይሰጠው ብለዋል።

እንኳን ማርያም ማረችሽ። እባክሽ አታፍስሺው፤ ቅቤውም ይቅርበት። ያ ቢጫና ወፈር ያለ ወተት እንገር ነው፤ በአንቲቦዲ የተሞላ ነው። ብዛቱ በማንኪያ የሚለካ ቢሆንም የሕፃኑን አንጀት ከውስጥ ሸፍኖ ይጠብቃል። ለአማትሽ በክብር ስለ ጥጃው ንገሪያቸው፤ ገበሬ ቤት ይህ ይገባል። እንገር ያልጠባ ጥጃ እንደሚመነምንና እንደሚሞት ያውቁታል። የላም አንቲቦዲ በማኅፀን ወደ ጥጃው አያልፍም። የሚያገኘው ከእንገሩ ብቻ ነው፤ አንጀቱም የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ግድም ነው። ያንቺ ልጅ ዕድለኛ ነው፤ በእርግዝናሽ መጨረሻ ወራት ከደምሽ የወሰደው አለ። በእርግዝና የቴታነስ ክትባት የሚሰጠውም ለዚህ ነው፤ አንቺ የሠራሽው አንቲቦዲ እትብቱ በሚቆረጥበት ጊዜ ልጁን ይጠብቀዋል።

ግን ካንቺ የተቀበለው በወራት ውስጥ ያልቃል። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡትን ክትባቶች እንዳታሳልፊ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ኩፍኝ ሕፃናትን የሚገድል ከሆነ ለምን እስከ 9 ወር ይጠበቃል?

የእናቱ አንቲቦዲ ገና ደሙ ውስጥ ካለ የኩፍኝ ክትባቱን ሳይሠራ ያጠፋዋል። በ9 ወር አካባቢ አብዛኛው ስላለቀ ክትባቱ ይይዛል። ሁለተኛው በ15 ወር ነው፤ በመጀመሪያው ያልያዘላቸው ልጆች ስላሉ እሱም አይቅር።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ ተማሪ)፦ የላብራቶሪ ወረቀቴ ላይ የሄፓታይተስ ቢ አንቲቦዲ ፖዘቲቭ ይላል። ታምሜያለሁ ማለት ነው?

የቫይረሱን የላይኛ ሽፋን ይዞ የሚያከሽፈው አንቲቦዲ ከሆነ፣ ተከትበሃል ወይም ይዞህ ድነሃል ማለት ነው፤ ደስ ይበልህ። አንቲጅን፣ ማለትም የቫይረሱ የራሱ ክፍል፣ ፖዘቲቭ ቢል ነበር ቫይረሱ ራሱ አለ የሚባለው። ሁለቱን ቃላት እያምታቱ እንቅልፍ የሚያጡ ወጣቶች አሉ፤ ስለዚህ ወረቀቱን ይዘህ ሐኪሙን አንድ በአንድ አስነብበው።

አንቲቦዲ መገኘቱ ሁልጊዜ ጥበቃ ነው ማለት ግን አይደለም። በኤችአይቪ አካል አንቲቦዲ ይሠራል፣ ቫይረሱን ግን አያጠፋም፤ ስለዚህ እዚያ ፖዘቲቭ ማለት ቫይረሱ አለ ማለት ነው። ቫይረሱ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን እስከ 18 ወር ድረስ የእናቱ አንቲቦዲ ሊገኝበት ስለሚችል በተለመደው ምርመራ አይወሰንበትም፤ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሌላ ምርመራ ይደረግለታል።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ በዓባይ በረሃ እንሠራለን። ለእባብ ክትባት አለ?

የለም። ያለው ፀረ መርዝ ነው፤ እሱም የእባብ መርዝ በትንሹ ከተወጉ እንስሳት፣ በተለይ ከፈረስ የሚወሰድ አንቲቦዲ ነው። የሚሰጠው ከተነደፉ በኋላ ብቻ ነው። አንዴ የወሰደ ሰው ለሚቀጥለው አይጠበቅም። እግሩ ወይም እጁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ፣ ሳትበጡትና ጥብቅ አድርጋችሁ ሳታስሩት፣ ተሸክማችሁ ቶሎ ወደ ሆስፒታል አድርሱት። ፀረ መርዝ በሁሉም ጤና ተቋም ስለማይገኝ የት እንዳለ ሥራ ሳትጀምሩ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ እወቁ።